ሞተሩ የሚተነፍሰው የኡራኤልን አየር ነው፦ ዕድሜ የገፋ የናፍጣ ፒክ አፕ ጉልበትና አስተማማኝነት

(ይህ ጽሑፍ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር ሲሆን ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሏል።)



ዛሬ የምናገረው ስለ አሮጌ ፒክ አፕ ሞተር ነው። ርእሱ ለፋኩልቲ ጉባኤ የማይመጥን መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በሚያልፈው መንገድ ዳር ለሩብ ሰዓት ያህል ቆሞ ይመልከት። ሃያና ሠላሳ ዓመት ያገለገሉ ፒክ አፖች ሲሚንቶ፣ ቆርቆሮ፣ አትክልትና ሮቶ ጭነው ወደ ካዛንቺስ፣ ወደ ባምቢስና ወደ ሃያ ሁለት ሲመላለሱ ያያል። ከእያንዳንዱ መሪ ጀርባ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ አለ።

የእነዚህ ሞተሮች ዕድሜ ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ ከበፊቱ የበለጠ ክብደት ያለው ጉዳይ ሆኗል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪዎች ላይ ከባድ ግብር ጣለ። ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የነዳጅ ድጎማ ደረጃ በደረጃ እየተነሣ መጣ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መከልከሉን መንግሥት አስታወቀ። የእነዚህ ውሳኔዎች ጥቅምና ጉዳት የዛሬ ርእሴ አይደለም። ለመካኒካል መሐንዲስ የያዙት መልእክት ግን ግልጽ ነው፤ በእጃችን ያለው ሞተር እንደ ቀድሞው በቀላሉ አይተካም፣ የሚጠጣው ናፍጣም ውድ ነው። እንግዲህ ማወቅ ያለብን በደንብ ማቆየቱን ነው።

የምከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው። ከአሮጌ ሞተር ላይ የጠፋ ጉልበት የሚመለሰው ናፍጣ በመጨመር አይደለም፤ በመለካት ነው። ልኬቱም የሚነበበው ለባሕር ወለል በተጻፈ መመሪያ ብቻ ሳይሆን፣ ሞተሩ በሚተነፍሰው አየር ነው።

፩. የአየሩ ሒሳብ

ኡራኤል ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በባሕር ወለል 101 ኪሎ ፓስካል የሆነው የአየር ግፊት እዚህ ወደ 76 ይወርዳል። ይህም ማለት አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ወለል 1.2 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ በእኛ መደበኛ የቀን ሙቀት 0.91 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል። ሩቡ የለም።

ይህን በሞተር ላይ እናሳየው። በሀገራችን በብዛት ከሚታዩት የቶዮታ ሃይሉክስ ሞተሮች አንዱ በተለምዶ ‹ስሪ ኤል› የሚባለው ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 2.8 ሊትር፣ ተርቦ የሌለው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲሽከረከር 1,500 ጊዜ ሙሉ ትንፋሽ ይስባል። ሲሊንደሮቹ ሙሉ በሙሉ ይሞላሉ ብለን ብናስብ በደቂቃ 4.2 ሜትር ኩብ አየር ገባ ማለት ነው። በባሕር ወለል ይህ 5 ኪሎ ግራም ነው፤ በኡራኤል 3.8 ኪሎ ግራም። ሞተሩ ያው ነው፣ ፍጥነቱም ያው ነው፤ በየደቂቃው ግን 1.2 ኪሎ ግራም አየር ይጎድለዋል።

አንድ ኪሎ ግራም ናፍጣ ሙሉ በሙሉ ለመቃጠል በኬሚስትሪ ስሌት 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ይፈልጋል። በሲሊንደር ውስጥ ግን ናፍጣና አየር ለመደባለቅ የሚያገኙት ጊዜ እጅግ አጭር ስለሆነ፣ ያለ ጭስ ለመሥራት ወደ 20 የሚጠጋ ኪሎ ግራም አየር ያስፈልጋል። በዚህ መሠረት ሞተራችን በባሕር ወለል በደቂቃ 250 ግራም ናፍጣ በንጽሕና ሊያቃጥል ይችላል፤ በኡራኤል 190 ግራም።

፪. የፖምፓው ብሎን

አሁን ሁላችንም ወደምናውቀው ልማድ እንምጣ። ባለቤቱ «መኪናዋ ዳገት አልወጣ አለች፣ ሞታለች» ብሎ ወደ ጋራዥ ይመጣል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ በአንዲት ካቻቢቴ ይጀመራል፤ የናፍጣ ፖምፓው የመጠን ብሎን ትከፈታለች፣ ናፍጣው ይጨመራል። ለጥቂት ቀን መኪናዋ የበረታች ትመስላለች። ነገር ግን ለባሕር ወለል የተመጠነውን 250 ግራም ናፍጣ በኡራኤል 3.8 ኪሎ ግራም አየር ውስጥ ስንረጨው፣ ለአንድ ኪሎ ናፍጣ የሚደርሰው አየር 15 ኪሎ ግራም ብቻ ይሆናል። ሞተሩ የጎደለው አየር ነበር፤ የተሰጠው ግን ናፍጣ ነው። ለተራበ ሰው ውሃ እንደ መጨመር ነው።

ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው። ጥቁር ጭስ ማለት ባለቤቱ የከፈለበትና በወጉ ያልተቃጠለ ናፍጣ ነው። ጉዳቱ በኪሱ ላይ አያበቃም። ዘግይቶ የሚቃጠለው ናፍጣ የጭስ ማውጫውን ሙቀት ያንራል፣ ቴስታታውን ያግላል፣ የሞተር ዘይቱን በጥላሸት ያጠቁራል፣ ፋሻዎቹን በካርቦን ያስራል። ሰውንም ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ2012 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የናፍጣ ሞተር ጭስ ካንሰር አምጪ መሆኑን መድቧል። ጭሱን ቀድመው የሚተነፍሱት ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎችና በመንገድ ዳር የተቀመጡ ነጋዴዎች ናቸው።

የጭስ ቀለም ለሚያነብበው ሰው መልእክት አለው። ጥቁር ከሆነ አየር አንሷል ወይም ናፍጣ በዝቷል፤ የኢንጄክተር ጫፍ መድከምም ይህንኑ ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነው። ጧት ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ነጭ ጭስ በቅዝቃዜ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ በእኛ ከፍታ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ስለሆነ ናፍጣው ለመቀጣጠል ይዘገያል፣ ስለዚህም ማሞቂያ ካንዴላዎች ከቆላ ይልቅ እዚህ ይበልጥ ያስፈልጋሉ። ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ከሆነ ግን፣ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ እንደሆነ መጠርጠር ይገባል።

፫. መመሪያውና መለኪያው

የፋኩልቲያችን ተማሪዎች ይበልጥ እንዲያስቡበት የምፈልገው ነጥብ ይህ ነው። የሞተርን ጤንነት ለማወቅ ከሚደረጉት ምርመራዎች ዋነኛው ኮምፕሬሽን መለካት ነው። የአምራቾች መመሪያ የሚሰጠው ቁጥር ደግሞ በባሕር ወለል አካባቢ ላለ አየር የተዘጋጀ ነው። ፒስተኑ የሚጨምቀው የገባለትን አየር ነው፤ በ76 የጀመረ አየር በ101 ከጀመረው ጋር እኩል ግፊት ላይ ሊደርስ አይችልም።

ለምሳሌ ያህል፣ መመሪያው ጤነኛ ሞተር 30 ባር ያሳያል ቢል፣ ያው ጤነኛ ሞተር በድሬዳዋ 26፣ በባሕር ዳር 24፣ በኡራኤል 22.5 አካባቢ ያሳያል። ይህን ማስተካከያ ያላደረገ ባለሙያ 22.5 ሲያነብ «ሞተሩ ደክሟል፣ ይውረድ» ይላል። ከዚያ በኋላ ቶርኖ ቤት፣ አዲስ ፒስተን፣ አዲስ ፋሻ፣ ለወራት የተቋረጠ ገቢ ይከተላል። ከተማሪዎቼ ጋር ከመረመርናቸው ፒክ አፖች አንዱ እንዲህ ያለ ፍርድ ተፈርዶበት የመጣ ነበር። የአራቱም ሲሊንደሮች ንባብ ዝቅ ያለ ቢሆንም እርስ በርስ የተቀራረበ ነበር፤ በከፍታው ሲታረም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። የጉልበቱ ችግር የነበረው በተሰነጠቀ የአየር ማስገቢያ ጎማና ናፍጣ በሚያንጠባጥብ ኢንጄክተር ላይ ነበር። ሞተሩ ሳይከፈት ወደ ሥራው ተመለሰ።

ስለዚህ ከቁጥሩ ቁመት ይልቅ በሲሊንደሮች መካከል ያለውን ልዩነት ተመልከቱ። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ ብቻ በጣም ከወረደ፣ ያ በየትኛውም ከፍታ በሽታ ነው። ልኬቱ እውነተኛ እንዲሆን ሞተሩ ይሙቅ፣ ባትሪውና ሞተሪኖው ብርቱ ይሁኑ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ይነቀሉ።

በሽታው የት እንዳለ ለማወቅ ደግሞ ከጆሮ የተሻለ መሣሪያ የለም። ፒስተኑን ወደ ላይኛው ጫፍ አድርሳችሁ፣ ሁለቱም ቫልቮላዎች እንደተዘጉ በካንዴላው ቀዳዳ የታመቀ አየር አስገቡና አዳምጡ። ድምፁ በአየር ማስገቢያው በኩል ከተሰማ የማስገቢያው ቫልቮላ ያፈስሳል። በማርሚታው ከተሰማ የማስወጫው። በዘይት መሙያው አፍ ከተሰማ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ነው። በራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ከታየ ጓርኒሲዮኑ ተቃጥሏል ወይም ቴስታታው ተሰንጥቋል። ይህ ምርመራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያድነው ወጪ ግን ከዚያ ጋር አይወዳደርም።

፬. የሥራው ቅደም ተከተል

ሞተሩ ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ጉልበቱን የምንመልስበት ቅደም ተከተል አለ። መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ናፍጣ፣ ከዚያ ጊዜ፣ በመጨረሻ ሙቀት።

በአየር እንጀምር። ሩቡን በተፈጥሮ ያጣ ሞተር የቀረውን ሊያባክን አይገባም። ማጽጃው በአቧራ የታፈነ ፊልትሮ ይህን ያደርጋል። ይበልጥ የሚዘነጋው ግን የአየሩ ሙቀት ነው። የፊልትሮው ቤት ከፊት የሚመጣው ቱቦ ተነቅሎ ሲጠፋ፣ ሞተሩ የሚስበው በኮፈኑ ሥር የጋለውን አየር ነው። ከውጭ 20 ዲግሪ የሆነ አየር ከኮፈኑ ሥር 60 ዲግሪ ቢሆን እፍግታው በ12 በመቶ ይቀንሳል። ቱቦውን መልሶ መግጠም ብዙ ብር የማይጠይቅ፣ ነገር ግን ከብዙ ውድ ለውጦች የሚበልጥ ጥቅም ያለው ሥራ ነው።

በናፍጣ በኩል፣ ፊልትሮው በጊዜው ይለወጥ፤ ከሥሩ የሚጠራቀመው ውሃ ይፍሰስ። ውሃ የፖምፓና የኢንጄክተር ዋነኛ ጠላት ነው። ኢንጄክተሮቹ ተነቅለው በመሞከሪያ ላይ የመክፈቻ ግፊታቸውና የርጭታቸው ቅርጽ ይታይ። ከዚያ በኋላ ብቻ የፖምፓው መጠን በጭሱ እየታየ ይቃኝ። በኡራኤል ይህ ቃኝት አብዛኛውን ጊዜ መቀነስ እንጂ መጨመር አይሆንም፤ ፖምፓው ናፍጣን በከፍታ ልክ ራሱ የሚቀንስ መሣሪያ ካለው ደግሞ መሣሪያው እንዳይነቀል መጠበቅ ነው።

ቀጥሎ ጊዜ ነው። ናፍጣው የሚረጭበት ቅጽበትና የቫልቮላዎች ክፍተት በመመሪያው ልክ ይስተካከሉ። በከፍታ ናፍጣው ለመቀጣጠል ስለሚዘገይ፣ አምራቹ በፈቀደው ወሰን ውስጥ ርጭቱን በጥቂቱ ማስቀደም ይረዳል። የሞተሩ ድምፅ የመዶሻ ምት ከመሰለ ግን ታልፏል።

፭. ሙቀትና የዓባይ ሸለቆ

በከፍታችን ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም፤ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 0.9 ባር የሚይዝ ደኅና የራዲያተር ክዳን ይህን ወደ 114 ያደርሰዋል። ክዳኑ ካረጀና ግፊት ካልያዘ፣ ቴርሞስታቱ በሚከፈትበት 82 ዲግሪ አካባቢና በመፍያው መካከል የሚቀረው አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። የአንዲት ክዳን ላስቲክ የአንድ ቴስታታ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል ማለት ነው። በዚህ ላይ የራዲያተሩ ቬንትሌተር የሚገፋው አየር ራሱ ሩብ ያህል የቀለለ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም ዐቅሙ ያንሳል።

ብዙ ጋራዦች ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን ነቅለው ይጥላሉ። ይህ ምልክቱን መደበቅ ነው። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ጧት ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል፤ ናፍጣ ይበላል፣ ያልተቃጠለው ናፍጣ የሲሊንደሩን ዘይት ያጥባል፣ ፋሻውም ቶሎ ያልቃል። መፈለግ ያለበት የተዘጋ ራዲያተር፣ የላላ ቺንጋ፣ የደከመ የውሃ ፖምፓ ነው።

የዚህ ሁሉ እውነተኛ ፈተና የከተማ መንገድ አይደለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚሄድ የተጫነ ፒክ አፕ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዓባይ ሸለቆ ወርዶ፣ በቆላው ሙቀት ውስጥ ያንኑ ያህል መልሶ ይወጣል። በኡራኤል ቀይ መስመር ላይ ሳይደርስ የሚሠራ ሞተር እዚያ ሊፈላ ይችላል። ወደዚያ የሚሄድ መኪና የሚዘጋጀው ከአዲስ አበባ ሳይወጣ ነው።

፮. ተርቦ ልጨምር ወይ?

ይህ ከተማሪዎች በተደጋጋሚ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ነው። ተርቦ የከፍታ መድኃኒት መሆኑ ከመቶ ዓመት በላይ የታወቀ ነው። ስዊዛዊው አልፍሬድ ቡኪ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1905 በፓተንት አስመዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1918 የጄነራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ ‹ሊበርቲ› የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በመኪና ጭኖ በኮሎራዶ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ በተርቦ ሲታገዝ እንደገና ከ350 አለፈ። ከተርቦው ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ ዘዴው ነው፤ ሞስ ሞተሩን የለካው ሊሠራበት በታሰበው አየር ውስጥ ነው።

በኡራኤል የባሕር ወለሉን ግፊት ለመመለስ የሚያስፈልገው 25 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ሩብ ባር ብቻ ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን አየር ሲጨመቅ ይሞቃል፤ ሙቀቱ በ35 እና በ40 ዲግሪ መካከል ሊጨምር ይችላል። ኢንተርኩለር ከሌለ የግፊቱ 33 በመቶ ጭማሪ ወደ ሲሊንደር ሲደርስ 18 በመቶ ገደማ የአየር ጭማሪ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛም፣ ያው መኪና ወደ አዋሽ ሰባት ሲወርድ የአካባቢው ግፊት 91 ስለሚሆን፣ ከተርቦው ጋር 116 ይደርሳል። ያለ ተርቦ ተሠርቶ የመጨመቂያ ምጥነቱ 22 ለ1 ለሆነ አሮጌ ሞተር ይህ ያልተነደፈበት ጫና ነው፤ ሸክሙን የሚቀበሉት ቴስታታው፣ ጓርኒሲዮኑና ብሮንዚኖቹ ናቸው። መልሴ ስለዚህ ቅድመ ሁኔታ አለው። ምርመራው ያላለቀ፣ ማቀዝቀዣው ያልተረጋገጠና የጭስ ማውጫው ሙቀት የማይለካ ሞተር ላይ ተርቦ አይገጠም። ያን ሁሉ ላሟላ ግን የተገደበ ግፊት፣ ከኢንተርኩለር ጋር፣ ምክንያታዊ ነው።

ጉልበት ከመጨመር በፊት ፍሬንም ይታይ። የፍሬን ማገዣው የሚሠራው በውጭው አየርና በውስጡ ባዶነት መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የውጭው ግፊት በሩብ ሲቀንስ የማገዣው ከፍተኛ ዐቅምም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የናፍጣ ሞተር ባዶነቱን የሚያገኘው ከቫኪዩም ፖምፓ ስለሆነ፣ በእነዚህ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ ከዲናሞው ጋር የተያያዘችው ያቺ ትንሽ ፖምፓ በደጋ አገር የሕይወት ዋስትና ናት።

፯. አስተማማኝነት በደብተር ይጀምራል

አስተማማኝ ሞተር የማይበላሽ ሞተር ማለት አይደለም፤ የሚበላሽበት ጊዜ አስቀድሞ የሚታወቅ ሞተር ማለት ነው። ለዚህ ምሳሌው የታይሚንግ ቺንጋው ነው። በነዚህ ሞተሮች በተለምዶ በ100,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ መለወጥ አለበት። ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቮላ ይጋጫሉ። ታሪኩ ባልታወቀ ሞተር ላይ ቺንጋው ዛሬ ይለወጥ፣ ቀኑም ይጻፍ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ ከሆነ በወር ይቆጠር። የዘይት ለውጥ፣ የተጨመረ ዘይትና ውሃ መጠን፣ በየጉዞው የተቀዳ ናፍጣ በአንዲት ደብተር ቢመዘገቡ፣ በሽታው መንገድ ላይ ከመጣሉ በፊት ይታወቃል።

ወዳጆቼ፤ የጋራዦቻችን ቋንቋ ቴስታታ፣ ቺንጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ እያለ ከጣልያኖች ዘመን ጀምሮ በእጅ ሲወራረስ የመጣ ዕውቀት ነው። የኛ የዩኒቨርሲቲዎች ቋንቋ በመጻሕፍት የመጣ ነው። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲለወጥ አይተናል፤ ሠፈር ሲለወጥ በእጅ ያለው ዕውቀትም አብሮ ሊበተን ይችላል። ከሁለቱም ወገን የጎደለው አንድ ነገር ነበር፤ የራሳችንን ከፍታ ያገናዘበ የልኬት ሠንጠረዥ። ይህ ከባድ ምርምር አይደለም። የአንድ ሴሚስተር የተማሪ ሥራ ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎቼ የምሰጠው ሥራ ይህ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ሰመራ ላሉ ከተሞች የኮምፕሬሽን፣ የማፍያ ሙቀትና የናፍጣ መጠን ማስተካከያ በአንድ ገጽ፣ በአማርኛ፣ ባለሙያዎቹ በሚናገሩባቸው ቃላት አዘጋጁ። ዛሬ እዚህ የተገኙት የጋራዥ ባለሙያዎች ይመርምሩት፣ ያርሙት፣ በግድግዳቸው ላይ ይለጥፉት። በዚያ ገጽ ምክንያት አንድ ጤነኛ ሞተር ሳይወርድ ከቀረ፣ አንድ ቤተሰብ ወደ ቶርኖ ቤት የሚሄደው ገንዘብ ይተርፈዋል።

 ጥያቄ ካላችሁ በደስታ እቀበላለሁ።